ለቂሊንጦ ብርድ ስንት ዲግሪ ይበቃል?

ኅዳርና ታኅሣሥ ቂሊንጦ ቀን ከ20 ዲግሪ በላይ ይሞቅና ሌሊት ብዙ ጊዜ ከ10 በታች ይወርዳል። እንደኔ እምነት የኮንዶሚኒየም ቤትን በማሞቂያ ከ18 ዲግሪ በላይ ማድረስ አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት በብርድ ወቅት ዝቅተኛ ብሎ የሚመክረው ይህንኑ ነው፤ የቀረውን ጋቢና ብርድ ልብስ ይሞላዋል። ዋናው ሥራ የቀኑን ሙቀት ማቆየት ነው፦ ፀሐይ ሳለ መጋረጃውን መግለጥ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ መስኮቱን መዝጋት፣ የበሩን ሥር በጨርቅ መወተፍ። 1500 ዋት ማሞቂያ በቀን ሁለት ሰዓት ቢሠራ በ30 ቀን 90 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ለደመወዝተኛ ቀላል አይደለም።

ሕፃን ወይም አዛውንት ላለበት ቤት 18 ያንሳል የሚል ልክ ነው፤ እዚያ ጥቂት ይጨመር። «ታዲያ ከሰል አይረክስም?» ለሚለው ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። የፋመ ከሰል ጭሱ ቢጠፋም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል፤ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። መስኮት ገርበብ ማድረግም ዋስትና አይሆንም። በተለይ የበሩን ሥር የወተፈ ሰው ከሰል ጨርሶ ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት የለበትም።