ጨዋታ ሁሉ አንድ አይደለም

ሰው በቅርብ ስላልመረመረው ነገር ሲፈርድ ፍርዱ ሁልጊዜ አጭር ነው። ስለ ቪዲዮ ጨዋታ በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የምንሰማው ፍርድም እንደዚሁ ነው። አንዱ «ልጆቻችንን ያጠፋ ነገር ነው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ዘመኑ ነው፤ ተዉአቸው ይጫወቱ» ብሎ ያልፋል። ከሁለቱም ወገን ግን ከልጁ አጠገብ ቁጭ ብሎ የሚጫወተው ምን እንደ ሆነ የጠየቀ ብዙ ሰው አላየሁም። ይህ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

አንባቢዎቼ ሆይ፤ መጽሐፍ ሁሉ አንድ ነው ቢሏችሁ አታምኑም። የጸሎት መጽሐፍና የወንጀል ልብ ወለድ፥ የሒሳብ መማሪያና የቀልድ መጽሔት በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ጨዋታም እንዲሁ በየወገኑ ተለይቶ መመዘን ይገባዋል። እኔም በበኩሌ አንዳንዱን ተጫውቼ፥ አንዳንዱን ከተጫዋቾች ትከሻ ኋላ ቆሜ ተመልክቼ ያገኘሁትን አሳብ ላካፍላችሁ እወዳለሁ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከእንቆቅልሹ ወገን ልጀምር። ቴትሪስ የተባለውን ጨዋታ በ1984 የፈጠረው አሌክሲ ፓጂትኖቭ የሚባል ሰው ነው፤ በሞስኮ በሶቪየት የሳይንስ አካዳሚ የኮምፒዩተር ማእከል ይሠራ ነበር። ጨዋታው ሰባት ዓይነት ቅርጾች ብቻ አሉት፤ እያንዳንዱም ቅርጽ ከአራት ትንንሽ ካሬዎች የተሠራ ነው። ቅርጾቹ ከላይ ይወርዳሉ፤ ተጫዋቹ እያዞረ ይደረድራቸዋል፤ አንዱ መሥመር ከዳር እስከ ዳር ሲሞላ ይጠፋል። ሕጉ ይኸው ነው። ፊደል የቆጠረም ያልቆጠረም ባንድ ደቂቃ ይገባዋል። ጥቂት ነገር ይዞ ብዙ የሚያሳስብ በመሆኑ አደንቀዋለሁ። የምነቅፈው ደግሞ መጨረሻ የሌለው መሆኑን ነው። ተጫዋቹ የቱንም ያህል ቢራቀቅ የሚያቆመው ሲሸነፍ ብቻ ነው። በ2023 መጨረሻ አንድ የ13 ዓመት አሜሪካዊ ልጅ የድሮውን የኒንቴንዶ ቴትሪስ ፕሮግራሙ ራሱ አቅቶት እስኪቆም ድረስ ተጫወተና፥ ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ሰው ተባለ። እኛ ሌሎቻችን ግን «አንድ ጊዜ ብቻ» እያልን ሌሊቱን እናጋምሳለን።

አሁን ብዙ ወላጅ ወደሚፈራው ወደ ተኩሱና ወደ ድብድቡ ልለፍ። በ1992 ሞርታል ኮምባት፥ በ1993 ደግሞ ዱም የተባሉት ጨዋታዎች ሲወጡ በአሜሪካ ትልቅ ክርክር ተነሣ። በ1993 የአገሪቱ ሴኔት ጉዳዩን ለሕዝብ ግልጽ በሆነ ስብሰባ መረመረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ኩባንያዎቹ ራሳቸው በየጨዋታው ሽፋን ላይ ለየትኛው ዕድሜ እንደሚስማማ የሚያመለክት ምልክት መለጠፍ ጀመሩ። በ2011 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጨዋታም እንደ መጽሐፍና እንደ ፊልም በንግግር ነጻነት የሚጠበቅ ሥራ ነው ሲል ወሰነ።

እኔን በእነዚህ ጨዋታዎች የሚያሳዝነኝ የደሙ ብዛት አይደለም። የሚያሳዝነኝ የሚገደለው ሰው ስም፥ እናት፥ መንደር የሌለው መሆኑ ነው። ይወድቃል፤ ሬሳው ይጠፋል፤ ሌላው ይተካል። ነገር ግን ይኸው ወገን ራሱ የተለየ ልጅ ወልዷል። በ2014 በፖላንድ የተሠራው «ይህ የእኔ ጦርነት» የሚባለው ጨዋታ ተጫዋቹን ወታደር አያደርገውም። በተከበበ ከተማ ውስጥ በፈራረሰ ቤት የተጠለሉ ጥቂት ሲቪሎችን አደራ ይሰጠዋል እንጂ። አሳቡ የተወሰደው ሳራዬቮ ከ1992 እስከ 1996 ከደረሰባት ከበባ ነው። ቀን ተኳሽ ስላለ ከቤት አይወጣም፤ ሌሊት ምግብና መድኃኒት ፍለጋ ይኬዳል። የአንድ ሽማግሌ ባልና ሚስት ጓዳ አግኝታችሁ፥ ዘርፋችሁ የራሳችሁን ሰዎች ትመግባላችሁን ወይስ ባዶ እጃችሁን ትመለሳላችሁ? ብትዘርፉ የገዛ ሰዎቻችሁ በኀዘን ይሰበራሉ። የፖላንድ መንግሥት በ2020 ይህን ጨዋታ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከሚመከሩት ሥራዎች መካከል እንደሚያስገባው ማስታወቁ አያስደንቀኝም። ጦርነትን በቅርብ ለሚያውቅ ሕዝብ፥ እንደኛም ላለው፥ ከመቶ የተኩስ ጨዋታ ይልቅ ይህ አንዱ እውነት ይናገራል።

ሦስተኛው ወገን የመገንባት ጨዋታ ነው። ዊል ራይት የሚባለው አሜሪካዊ በሄሊኮፕተር እየበረሩ ደሴቶችን የሚደበድቡበትን የጦርነት ጨዋታ ሲሠራ፥ ደሴቶቹን ከመደብደብ ይልቅ መንገዳቸውንና ሕንጻቸውን መሥራት ይበልጥ ደስ እንደሚል ተገነዘበ። ከዚያም አሳብ በ1989 ሲም ሲቲ የተባለው የከተማ ጨዋታ ተወለደ። ተጫዋቹ ከንቲባ ነው፤ መንገድ ይቀዳል፥ መብራት ያስገባል፥ ግብር ይጥላል። ከጥፋት ልማት የሚያስደስት መሆኑን ያስመሰከረ ሥራ በመሆኑ አከብረዋለሁ። ሆኖም አንድ ጉድለት አለው። ከንቲባው ከላይ ሆኖ ይመለከታል፤ መንደሩን ሊያፈርስ ሲፈልግ አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ ቤቱ የፈረሰበት ሰው ወዴት እንደ ሄደ ጨዋታው አይጠይቅም። ይህን ጨዋታ ለልጁ የሚሰጥ ሰው ያን ጥያቄ ራሱ ቢጨምርበት መልካም ነው።

አራተኛው ወገን በአገራችን ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። በአዲስ አበባ ሰፈሮች የፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ የማያውቅ ጎረምሳ ጥቂት ነው። ጠባብ ክፍል፥ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፥ አንድ አግዳሚ ወንበር፥ በር ላይ ደግሞ ተራ የሚጠብቅ ሕዝብ አለ። ሒሳቡ በጨዋታ ቁጥር ይከፈላል፤ የተሸነፈ ይነሣል። በእንዲህ ያለ ቤት አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ ነበር። ከቴሌቪዥኑ ይልቅ ልጆቹን አየሁ፤ ይቀልዳሉ፥ ይከራከራሉ፥ ትንሹ ትልቁን ሲያሸንፍ ቤቱ በሳቅ ይናወጣል። ይህ ከጓደኛ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ የሚጫወቱት ነገር ነውና በቀላሉ አልነቅፈውም።

የምነቅፈው ከበስተጀርባው ያለውን ንግድ ነው። የመጀመሪያው የፊፋ ጨዋታ በ1993 ከወጣ ጀምሮ በያመቱ አዲስ እየተባለ ተሸጧል፤ ከ2023 ጀምሮ ስሙ እንኳ ተለውጦ «ኤፍሲ» ተብሏል። ካምናው የሚለየው ግን ብዙውን ጊዜ ጥቂት ነው። ከዚህም የባሰ፥ ገዥው በገንዘቡ የተጫዋቾች ካርድ የታሸገበት ጥቅል ይገዛል፤ ውስጡ ታላቅ ኳስ ተጫዋች ይኑር ተራ ሰው ይኑር የሚያውቀው ከከፈለ በኋላ ነው። ይህ በእኛ ቋንቋ ሎተሪ ይባላል። ቤልጅግም በ2018 እንዲህ ያለው ሽያጭ የቁማር ሕጓን የሚጥስ ነው ብላ ስለ ከለከለች፥ ኩባንያው በ2019 መጀመሪያ የጥቅል መግዣውን ሽያጭ በዚያ አገር አቆመ።

የመጨረሻው ወገን በየስልካችን ያለው «ነጻ» ጨዋታ ነው። በ2012 በስልክ የወጣውን ካንዲ ክራሽን ተመልከቱ። አምስት ነፍስ ይሰጣችኋል፤ በወደቃችሁ ቁጥር አንዷ ትሄዳለች፤ የሄደችው እስክትመለስ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። መጠበቅ ያልቻለ ይከፍላል። እንግዲህ ሻጩ የሚሸጠው ጨዋታውን ሳይሆን የእናንተን ትዕግሥት ማጣት ነው። ወላጅ ጥይቱን ሰምቶ ይደነግጣል፤ ይህ ግን ከረሜላ መስሎ ስለሚመጣ ማንም አይደነግጥለትም። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምፈራው ይህን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ባጸደቀውና በ2022 ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ የጨዋታ ሕመምን አስገብቷል። ልብ በሉ፤ ጨዋታ የወደደ ሁሉ ታማሚ ነው አላለም። ራሱን መግታት ያቃተው፥ ጨዋታውን ከሌላው ኑሮ ሁሉ ያስቀደመ፥ ጉዳቱን እያየ የቀጠለ፥ ይህም እንደ ወትሮው 12 ወር ያህል የቆየበት ሰው ነው ታሟል የሚባለው።

አባቶቻችን መሬት ላይ ጉድጓድ ምሰው፥ ጠጠር ለቅመው ገበጣ ሲጫወቱ ጨዋታው መጨረሻ ነበረው። ጠጠሩ ሲያልቅ አሸናፊው ይታወቃል፤ ተሸናፊው ይቀለድበታል፤ ሁሉም ወደ ሥራው ይሄዳል። ጉድጓዱ ማንንም ተከትሎ እስከ መኝታ ቤቱ አልመጣም፤ በእኩለ ሌሊትም «ና፥ ነፍስህ ተመልሳለች» ብሎ አልጠራም።

ሮጀር ኢበርት የተባለው የታወቀ አሜሪካዊ የፊልም ሐያሲ በ2010 ቪዲዮ ጨዋታ ከቶ ኪነ ጥበብ ሊሆን አይችልም ብሎ ጽፎ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ የኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም 14 ጨዋታዎችን መርጦ ከስብስቡ ውስጥ አስገባ፤ ቴትሪስም ከእነዚያ አንዱ ነው። በዚህ ክርክር ከሙዚየሙ ጋር ነኝ። ለእኛ ለወላጆችና ለታላላቆች ግን ከዚህ የሚቀድም ጉዳይ አለ። ልጁ በእጁ ስለ ያዘው ጨዋታ ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ አእምሮውን ምን ያሠራዋል? የሚያበቃበት ቦታ አለውን? ገንዘቡን የሚወስደው አንድ ጊዜ በግልጽ ነው ወይስ ጥቂት በጥቂት በድብቅ?

መልሱን ለማግኘት መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልግም። ዛሬ ማታ ከልጃችሁ አጠገብ ተቀመጡና «እስቲ አስተምረኝ» በሉት። ለአንድ ሰዓት ያህል ይሥቅባችሁ ይሆናል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ «ይህን ተው፥ ያን ተጫወት» ስትሉት የምታውቁትን ነገር እንደምትናገሩ ስለሚረዳ ይሰማችኋል።