አምባዛውን አያቱ አወቁት

አፉላ መሀል ከተማ አግዳሚ ወንበር ላይ ከሚውሉት አባቶቻችን ውስጥ በደምቢያ በኩል ጣና ዳር ያደጉ አሉ። ልጆቻችን ደግሞ መንጠቆ ይዘው ኪነሬት ይወርዳሉ፤ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ሁለቱ ግን ስለ ዓሣ ተነጋግረው አያውቁም።

ባለፈው ልጄ ያጠመደውን በስልኩ ለአያቱ አሳየ። አባባ ገና ሲያዩት "ይሄ ሪዛሙ አምባዛ ነው፣ አይበላም፤ ያኛው ቆሮሶ ነው፣ ብላ" አሉት። ልጁ ገርሞት "አባባ ኪነሬት ሄደው ያውቃሉ እንዴ?" አለኝ። የት ሄደው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት ያለውን ዓሣ ብቻ ይፈቅዳል። እዚህ አምኑን የሚሉት የጣናው ቆሮሶ ዘመድ ነው፣ ቅርፊት አለው። ስፋምኑን የሚሉት አምባዛው ነው፣ ቅርፊት የለውም። በዕብራይስጥም ስሙ የወጣለት ከሪዙ ነው።

ልጆቻችን ሽማግሌዎቻችን ስለዚህ አገር የሚያውቁት ያለ አይመስላቸውም። እስቲ ቀጥሎ ሲሄዱ አያታቸውንም ይውሰዱ። የተፈቀደውን ቦታና ወቅት አስቀድመው ይጠይቁ፣ ሰንበት ሳይገባ ይመለሱ። ዓሣ ባይገኝ እንኳ ወሬ አይጠፋም።