ጥቅምት በጂዝ ቤንድ

ወደ አላባማ ያመጣኝ ብርድ ልብስ ነው። አዲስ ብርድ ልብስ አይደለም፤ ካረጀ የሥራ ሱሪ፣ ካለቀ ሸሚዝ፣ ከዱቄት ከረጢትና ከልጅ ቀሚስ ተቀዶ በመርፌ የተገጣጠመ፣ መሃሉ ጥጥ የተነጠፈበት፣ ከሥሩ ገበር የገባለት ነው። አሜሪካኖቹ ኩዊልት ይሉታል። በእኛ ቤት ቢሆን ድሪቶ ተብሎ እንግዳ ሲመጣ አልጋ ሥር የሚገፋ ነበር። እዚህ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሰው ፊቱ ቆሞ ይውላል። እኔም ከቆሙት አንዷ ነበርኩ፤ ካየሁት በኋላ ግን የተሰፋበትን ቤት ካላየሁ እንቅልፍ አልወስደኝ አለ።

አገሩ ጂዝ ቤንድ ይባላል። መንግሥት ቦይኪን ብሎ መዝግቦታል፤ ነዋሪው በዚያ ስም ሲጠራው ግን አልሰማሁም። የአላባማ ወንዝ ከሰልማ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲወርድ እዚህ ይጠማዘዝና መሬቱን በሦስት ወገን አቅፎ ይይዘዋል። በመኪና የሚገባው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ከአትላንታ ተነስቼ በሞንትጎመሪ አለፍኩ። ከዚያ 80 ቁጥር አውራ ጎዳናን ይዤ ወደ ሰልማ አቀናሁ። በ1965 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ማርቲን ሉተር ኪንግና ሕዝቡ ለመምረጥ መብት ከሰልማ በእግራቸው የመጡበት መንገድ ነውና እኔ በመኪና በተቃራኒው እየሄድኩ ማፈሬ አልቀረም። በግራና በቀኝ ጥጡ ፈንድቶ ማሳው ነጭ ሆኗል። እናቴ ባዘቶ ስታወጣ እግሯ ሥር ተቀምጬ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ጥጥ እንዲህ ከአድማስ እስከ አድማስ ተዘርግቶ ሳየው መኪናዬን አቁሜ ወረድኩ።

ከወንዙ ማዶ ካለችው ከካምደን ከተማ ወጣ ብሎ ካለው ወደብ ጀልባው መኪናዬን ጭኖ በሩብ ሰዓት ገደማ አሻገረኝ። በየብስ ዞሮ መግባት አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ጀልባው ጭስም ጩኸትም የለውም፤ ከ2019 ጀምሮ በባትሪ ነው የሚሄደው። ተሳፋሪው ሁሉ ያን በኩራት ይነግራል፤ የቀረውን ታሪክ ደግሞ ጠይቆ መስማት ያስፈልጋል። የጂዝ ቤንድ ጥቁሮች ወደ ካምደን እየተሻገሩ ለመራጭነት ለመመዝገብ መሞከር ሲጀምሩ፣ በ1962፣ የጀልባው አገልግሎት ተቋረጠ። የተመለሰው በ2006 ነው። አርባ አራት ዓመት ሙሉ ሐኪም የፈለገ፣ ጨው የፈለገ፣ ዘመድ የሞተበት ሁሉ ያን ዙሪያ ጥምጥም ሲሄድ ኖሯል።

ያስተናገዱኝ እናት ስሜ አይጻፍ ብለውኛል። ሰባዎቹን አጋምሰዋል። ጀልባው ሲቆም ገና ልጅ እንደነበሩና አባታቸው ወንዙ ዳር ቆመው ምንም ሳይናገሩ እንደተመለሱ ያስታውሳሉ። እንግሊዝኛቸው ዝግ ያለ፣ ረጅም፣ የደቡብ እንግሊዝኛ ነው፤ እኔን ከመጀመሪያው ሰላምታ ጀምሮ «ልጄ» ነው ያሉኝ። ቀናቸው የሚከፈተው ቀጠን ባለው ያገሩ ቡና፣ በሬዲዮ መዝሙርና በስልክ ነው። ሞቢል ከተማ ያለችው ሴት ልጃቸው ሳትደውል ረፋዱ አይደርስም። ስልኩን በትከሻና በጆሮ መካከል ይሰኩና እጃቸው ሥራውን ይቀጥላል።

የስፌት መኪናው ከመስኮቱ ሥር ነው፤ ዓይን የሚፈልገው የጠዋት ብርሃን እዚያ ይወድቃል። ግድግዳውን ተደግፈው የተደረደሩት ትልልቅ የላስቲክ ከረጢቶች ሁሉ ጨርቅ ናቸው። አንዱ ጅንስ፣ አንዱ አበባ አበባ፣ አንዱ ኮርዶሮይ። ኮርዶሮዩ ታሪክ አለው። በ1966 የአካባቢው ሴቶች በአልበርታ «ፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ» የተባለ የስፌት ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1972 ደግሞ ሲርስ የተባለው ታላቅ መደብር የትራስ ልብስ ከኮርዶሮይ እንዲሰፉለት ውል ገባ። ለሲርስ የሚሄደው የትራስ ልብስ ልክና ቀለሙ የታዘዘ ነበር፤ የተረፈው ቁርጥራጭ ግን ወደየቤቱ ገብቶ እንደ ልብ ተሰፋ። በዘመኑ ፋሽን የነበሩት ቢጫው፣ ብርቱካንማውና የአቮካዶ አረንጓዴው ዛሬም በአልጋዎቹ ላይ አሉ።

አሰፋፋቸውን አይቼ አልጠግብም። መቀስ ብዙ አያነሱም። የጨርቁን ጫፍ ነካ ያደርጉትና በሁለት እጅ ይዘው ቀርርር ያደርጉታል፤ በክሩ መስመር ይቀደዳልና ከመቀስ ይልቅ ቀጥ ይላል ይላሉ። መሃል ላይ አንድ አራት ማዕዘን ቁራጭ ያስቀምጡና ዙሪያውን በጥብጣብ ላይ ጥብጣብ እየቀጠሉ ወደ ውጭ ያሰፉታል። ይሄ «የቤት ጣራ» የሚሉት ንድፍ ነው፤ በመንደሩ በጣም የሚወደደውም እሱ ነው። በቀጥታ መስመር ብቻ የሚሰፋውን «ሰነፏ ልጅ» ይሉታል። «ግንበኛው» የሚባልም አለ። ከሁሉም የማይመደበው ደግሞ «የኔ መንገድ» ነው፤ እሳቸው እንደሚሉት ሁሉም ሰፊ መጨረሻ ላይ እዚያ ይገባል። መስመሩ ጠመም ሲል አይፈቱትም። ቀዩ ጨርቅ መሃል መንገድ ላይ ቢያልቅ በሮዝ ይቀጥሉታል። ዓይን የሚይዘውም ያ ሮዝ ነው።

አንድ ጠዋት ከአሮጌ ጅንስ ላይ ኪስ ሲፈቱ አየሁ። ኪሱ የነበረበት ቦታ ፀሐይም ውሃም ስላልበላው ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ቀርቷል፤ ዙሪያው ግን ገርጥቶ ነጭ ሊሆን ምንም አልቀረው። ጉልበቱ ሳስቷል። ያን የኪስ ጥላ ቆርጠው ይጥሉታል ብዬ ስጠብቅ መሃል ላይ አደረጉት። «ወንድሜ ነው» አሉኝ በጣታቸው እየነኩት። «ትምባሆውን እዚህ ነበር የሚይዘው።»

ከሰዓት ቢጫው የትምህርት ቤት አውቶቡስ የልጅ ልጃቸውን ያወርዳል። ቦርሳዋን ትወረውርና በቀጥታ ወደ ስፌቱ ትሄዳለች፤ ሰላምታዋ ትችት ነው። «አያቴ፣ ይሄ ከዚያ ጋር አይሄድም።» አያት ቀና ሳይሉ «ታዲያ ለምን ወደዚያ ሄደ?» ይሏታል። ከዚያ እንወጣለን፤ በየቀኑ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ በእግር።

እናቴ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ትል ነበር። የአላባማ ጥቅምት ግን አጥንት የሚያስመኝ ብርድ የለውም፤ እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ለብሶ ይኬዳል። ቅጠሉ ግን ወሩን አውቋል። ስዊትገም የሚሉት ዛፍ አለ፤ ቅጠሉ አምስት ጫፍ ያለው ኮከብ ሲሆን፣ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ቢጫ፣ ቀይና ወይን ጠጅ አንድ ላይ ይዞ ይታያል። ልጅቷ ትለቅማለች፣ ታወዳድራለች፣ ትጥላለች። አያትየው የሚለቅሙት ፔካን ነው፤ ከዛፉ ሥር ጎንበስ ብለው የሽርጣቸውን ኪስ ይሞላሉ። በቦዩ ዳር የዘገየ ቢጫ አበባ አገኘሁና ልቤ ዘለለ፤ የአደይ አበባ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ከአንድ ወገን ናቸው። ዘሩም እንደኛው ጭጎጊት ቀሚስ ላይ ይጣበቃል፤ ቤት ስንገባ ሦስታችንም ደረጃው ላይ ተቀምጠን እንነቅል ነበር።

ዛሬ በየመንገዱ ዳር ጥድና የግጦሽ ሣር ነው። «ይሄ ሁሉ ጥጥ ነበር» ይላሉ እጃቸውን ዘርግተው። ለኩዊልቱ የሚነጠፈውም ከዚያው ይመጣ ነበር፤ ከመዳመጫው ወለል የተጠረገውን ተራፊ ጥጥ አምጥተው በዱላ እየደበደቡ ያፍታቱት ነበር። ለሙን መሬት አብዛኛውን የሚለርስ ፌሪ ግድብ ሲሠራ ውሃ በላው። እሳቸው ይህን የሚናገሩት ስለ ጎረቤት ጠብ በሚያወሩበት ድምፅ ነው።

የእግር ጉዞው የሥራቸው ክፍል መሆኑን የተረዳሁት ቆይቶ ነው። አንድ አሮጌ ጎተራ ፊት ይቆማሉ። ጣራው በዛገ ቆርቆሮ፣ በአዲስ ቆርቆሮና በጣውላ የተጠጋገነ ነው። «ያን ሰፍቼዋለሁ» ይላሉ። የአጥር አግዳሚ፣ የታረሰ መሬት ትልም፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ ሁሉንም ሰፍተውታል ወይም ሊሰፉት ነው። ሜሪ ሊ ቤንዶልፍ የተባሉት የመንደሩ ስመ ጥር ሰፊም ሐሳቡን ከግቢያቸው ዙሪያ እንደሚለቅሙት ተናግረዋል። ከትምህርት ቤት ያልመጣ፣ ከመጽሐፍ ያልተቀዳ ዕውቀት ነው፤ እናት ጎን እየሄዱ ጎተራ ከማየት የመጣ።

እዚህ አብዛኛው ሰው ፔትዌይ ነው፤ መቃብሩ፣ የፖስታ ሳጥኑ፣ የቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ሁሉ ፔትዌይ። ስሙ የባሪያ ጌታው ነው። ጆሴፍ ጂ የተባለ ነጭ በ1816 መሬቱን ያዘ፤ በ1845 ማርክ ፔትዌይ እጅ ገባ፤ እሱም 100 ያህል ባሪያዎቹን ከሰሜን ካሮላይና በእግር አስነድቶ አመጣቸው። ነጻ ከወጡ በኋላም በጭሰኝነት እዚያው ቀሩ። በ1932 የካምደኑ አበዳሪ ነጋዴ ሲሞት ወራሾቹ መጥተው የ60 ገደማ ቤተሰብ በቅሎ፣ ላም፣ ማረሻ፣ በቆሎ ሳይቀር ጠርገው ወሰዱ። ክረምቱን በቀይ መስቀል እህል ነው ያለፉት። ያኔ ብርድ ልብስ ማለት በግድግዳው ስንጥቅ በሚገባ ነፋስና በልጆች መካከል ያለ ነገር ነበር። ያረጀውን ደግሞ ትንኝ ለማባረር ያጨሱት ነበር፤ ስንት ድንቅ ሥራ ጭስ ሆኖ እንደጠፋ ሳስበው ያንገበግበኛል። እሳቸው ግን «ልጆቹ በሰላም ተኝተው አደሩ» ነው ያሉኝ። ቆየት ብሎ፣ በሩዝቬልት ዘመን፣ የፌዴራሉ መንግሥት መሬቱን ገዝቶ ቤት ሠራና ለነዋሪዎቹ በብድር ሸጠላቸው። የራሳቸው መሬት ስለነበራቸው ነው በ1965 ለመመዝገብ ሲሰለፉ «ከመሬቴ ውጣ» የሚላቸው ያልነበረው።

ከሁሉ በላይ ልቤን የያዘው የመንደሩ ሰፊ የሚዙሪ ፔትዌይ ታሪክ ነው። ባላቸው ሲሞቱ የሥራ ልብሳቸውን፣ ሱሪውንም ሸሚዙንም፣ ሰብስበው ከልጃቸው ከአርሎንዚያ ጋር በ1942 ኩዊልት ሰፉት፤ ባላቸውን እያሰቡ ሊተኙበት። የደበዘዘ ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ መሃሉ ላይ ጥቂት ቀይ። ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው ያለው። የኛ ሰው የሟችን ልብስ ለድሃ ይሰጣል፤ እሳቸው ለብሰውት አደሩ።

ዝናው የመጣው በ2002 ነው። በሂዩስተን፣ ቀጥሎ በኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ኩዊልቶቹ ሲሰቀሉ ሐያሲው ሁሉ ተደነቀ፤ በ2006 በፖስታ ቴምብር ላይ ወጡ። የቴምብሮቹን ንድፍ የያዙ ትልልቅ ሰሌዳዎች ዛሬ በመንደሩ መንገድ ዳር ቆመዋል። ሐያስያኑ ሠዓሊዎቹን ማቲስን ይጠራሉ፣ ክሌን ይጠራሉ። እኔን ይሄ ያናድደኛል። እነዚህ ሴቶች ማንንም አልመሰሉም፤ ማወዳደር ካስፈለገም እርስ በርሳቸው ነው መወዳደር ያለባቸው፣ የእናት ከልጅ፣ የጎረቤት ከጎረቤት። ገንዘቡም ቢሆን ያለ ጭቅጭቅ አልመጣም፤ ጥቂት ሰፊዎች በ2007 ፍርድ ቤት ሄደው ጉዳዩ በስምምነት ተዘግቷል። አስተናጋጄ ስለዚህ ስጠይቃቸው ፔካን መፈልፈል ጀመሩ።

ምሽት ላይ ሴቶቹ ይሰበሰባሉ። የኩዊልቱን ፊት እያንዳንዷ ለብቻዋ ሰፍታ ትጨርሰዋለች፤ ፊቱን፣ ጥጡንና ገበሩን አንድ የሚያደርገው ስፌት ግን የጋራ ነው። በእንጨት ዘንጎች ላይ ተወጥሮ አራቱም ወገን ይከበባል። አንዷ መዝሙር ታነሳለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ መርፌውም በዜማው ይሄዳል። ሐሜት በዜማው መሃል ይገባል፤ ማን ታመመ፣ የማን ልጅ ከበርሚንግሃም መኪና ይዞ መጣ። እኔም አንድ ጥግ ተሰጥቶኝ ሰፋሁ፤ ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ አይተው «ይሄን ማን እንደሰፋው ሁሌም እናውቃለን» አሉና ሳቁ፤ ሙገሳም ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻው ጠዋት አስተናጋጄን ቀጣዩ ኩዊልት ለማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ለልጅ ልጃቸው ነው፤ ትምህርት ስትጨርስ የሚሰጣት። ቀለሙን መርጠዋል፣ መሃሉ ቡናማ ነው። ጨርቁን ሊያሳዩኝ ከረጢቶቹን ይከፍታሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ስልኩን አነሱና ወንድ ልጃቸው ጋ ደወሉ።

«ያን ቡናማ ሱሪህን እንዳትጥለው።»

ድምፁ እኔ ድረስ ተሰማኝ። «እማዬ፣ አሁን ለብሼው ሥራ ላይ ነኝ!»

«አውቃለሁ» አሉት። «ጉልበቱ ላይ እንዳትንበረከክ።»