የጠፋችው ባና

ባለፈው ሰሞን በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ለተማሪዎቼ አንድ አጭር ታሪክ አነበብሁላቸው። ታሪኩ በፈረንጅ አገር በብርድ ወራት የእጅ ጓንቱን ጥሎ፣ እየመሸበት በበረዶ ውስጥ እያለቀሰ ስለሚፈልግ ሕፃን ነው። ገና ሳልጨርስ አንዱ ተማሪ እጁን አንሥቶ፣ «መምህር፣ ለአንድ ጓንት ይህን ያህል ልቅሶ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ በሙሉ ሣቀ። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ልጅ ብቻ አልሣቀም። እኔም መሣቅ አልሆነልኝም።

አንባቢዬ ሆይ፣ ምክንያቱን ልንገርህ። የተወለድሁት በመንዝ፣ ከጓሳ ሣር ምድር አጠገብ ነው። አገሩ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፣ ብርዱ እንግዳውን ብቻ ሳይሆን ባላገሩንም ይፈትናል። ስለዚህ የመንዝ ሰው የበጉን ጠጕር ሸልቶ፣ ሴቶቹ በእንዝርት ፈትለው፣ ወንዶቹ ሸምነው፣ ባና የሚባለውን ወፍራም ልብስ ይሠራሉ። የእኔን ትንሽ ባና እናቴ አንድ በጋ ሙሉ ሌሊት ሌሊት በኩራዝ ብርሃን የፈተለቻት ነበረች።

በ2001 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ በግ እጠብቃለሁ። ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ። ቋንቋችን ሁለቱንም በረዶ ይላቸዋል እንጂ፣ የፈረንጅ አገሩ እንደ ባዘቶ በዝግታ ይወርዳል፤ የእኛው ግን በነጐድጓድ ደመና ውስጥ ነፋስ ሽቅብ ሲያነሣው ውሃ በላዩ እየረጋ የሚጠጥር ስለ ሆነ፣ እንደ ጠጠር ይደበድባል። በጎቹ ተበተኑ። ለመሮጥ እንዲቀለኝ ባናዬን ከአንድ ድንጋይ ላይ ጥዬ ተከተልኋቸው። ሰብስቤአቸው ስመለስ ምድሩ ሁሉ ነጭ ሆኖአል፤ ድንጋዩ የቱ እንደ ሆነ መለየት አልቻልሁም።

በጎቹ መንገዱን ያውቃሉና ወደ ቤት ሄዱ፤ እኔ ግን ቀረሁ። ጕብ ያለውን ሁሉ «ይህች ናት» እያልሁ በባዶ እጄ በረዶውን ጫርሁ። ጣቶቼ በመጀመሪያ ነደዱ፤ ቀጥሎም የሌላ ሰው ጣቶች መሰሉኝ። ሲመሽ መንቀጥቀጤ ቆመና እንቅልፍ መጣብኝ። ብርዱ የለቀቀኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። የሰውነት ሙቀት ከ37 ዲግሪ ወርዶ ከ35 በታች ሲሆን ለሕይወት እንደሚያሰጋ፣ ይልቁንም መንቀጥቀጡ ሲቆም ነገሩ የከፋ መሆኑን የተማርሁት ኋላ ኮሌጅ ገብቼ ነው።

እናቴ በጎቹ ብቻቸውን ሲገቡ ባየች ጊዜ ጎረቤት አስከትላ ስሜን እየጠራች መጣች። የራስዋን ባና አውልቃ ጠቀለለችኝ። እኔ ያልሁት፣ «እምዬ፣ ባናዬ ጠፋችብኝ» ብቻ ነው። እርስዋም፣ «ባናዋን የፈተለች እጄ ይኸው አለች፤ አንተን ግን ማን ፈትሎ ይሰጠኛል?» አለችኝ። በማግሥቱ ፀሐይ ወጥታ በረዶው ሲቀልጥ፣ ባናዋ ከጫርሁበት ቦታ ዐሥር ርምጃ ያህል ርቃ ተገኘች።

ያን ቀን የፈለግሁት ልብስ አልነበረም። የእናቴን ሌሊቶች ነበር የምፈልገው፤ እነርሱን ጥዬ እቤት ለመግባት ፊት አጣሁ።

ይህን ሁሉ ለተማሪዎቼ ነገርኋቸው፤ ማንም አልሣቀም። ስናገር ግን ዓይኔ ከኋላ ወንበሩ ልጅ ላይ ወደቀ። ከሁለት ሳምንት በፊት የደንብ ልብስ ሹራቡ እንደ ጠፋበት ሲነግረኝ፣ «ፈልገህ ሳታገኝ እንዳትገባ» ብዬ ከክፍል ያስወጣሁት እኔው ነበርሁ። ሦስት ቀን ቀርቶ ተመለሰ። የት እንደ ፈለገ፣ ለቤተ ሰቡስ ምን ብሎ እንደ ነገረ አልጠየቅሁትም። ክፍሉ ሲበተን ጠርቼ ይቅርታ ለመንሁት። እርሱም አንገቱን ደፍቶ፣ «እስካሁን አልተገኘም፣ መምህር» አለኝ።

ወንድሜ ሆይ፣ አንተም በክፍል ወይም በጽሕፈት ቤት ተቀምጠህ «ጠፋብኝ» የሚል ሰው ሲመጣብህ፣ ስለ ዕቃው ከመመርመርህ በፊት ብርድ እንዳልመታው ጠይቀው። ዕቃው በረዶው ሲቀልጥ ይገኝ ይሆናል።