ስሙ ያልተነሳው ልጅ

በጎንደር ምድር ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ባለ ሁለት ስንኝ ግጥም አለች። አንዲት እናት መላኩ ተፈራን ትማጸንባታለች፤ ይህን አንዱን ልጇን ከማረላት ከእንግዲህ ላትወልድ ቃል ትገባለች። ስንኞቹን እዚህ አልደግማቸውም። የሚያውቃቸው ያውቃቸዋል፤ የማያውቃቸው ደግሞ ታላላቆቹን ይጠይቅ።

ግጥም መሞከር ከጀመርኩ ወዲህ ይህችን ግጥም ደጋግሜ ቆጥሬያታለሁ። ሃያ አራት ቀለም ናት። የገዳዩ ስም ከነአባቱ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ቀለማት ይዟል። እናቲቱ ሌላውን በልመናዋ ሞልታዋለች። ልጁ ግን ስም የለውም። ዕድሜው፣ ትምህርት ቤቱ፣ መልኩ አልተነገረም። እንዲኖር የተለመነለት ልጅ በገዛ ግጥሙ ውስጥ የለም!

ይህ የእኛ ብቻ ጉድ አይደለም። በ1888 እ.ኤ.አ. ለንደንን ያሸበረውን ነፍሰ ገዳይ «ጃክ» እያለ ዓለም ሁሉ ይጠራዋል፤ የገደላቸውን ሴቶች ስም ግን ስንቱ ያውቃል? ልዩነቱ ያ ሰው በጨለማ ተደብቆ መግደሉ ነው። የእኛው ገዳይ ቢሮና ማኅተም ነበረው።

መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞሉ ጠርሙሶችን ሲከሰክስ፣ ምልክቱ እስከ ክፍለ ሀገር ደረሰ። መላኩ ተፈራ ያን ጊዜ ጎንደርን ያስተዳድር የነበረ የደርግ ባለሥልጣን ነው። የእኛዋ ደብረ ታቦርም በዚያው ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች። «የኢሕአፓ አባል ነህ» መባል ብቻውን ለሞት ይበቃ ነበር፤ ከተገደሉት ብዙዎቹ ገና ከደብተርና ከእርሳስ ያልተላቀቁ ተማሪዎች ነበሩ። አልቅሶ መቅበር ተከለከለ። የልጁን ሬሳ ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ እንዲከፍል የተጠየቀ ወላጅም ነበረ። (የገንዘብ ነገር መተዳደሪያዬ ስለሆነ ይሆናል፣ ያ ክፍያ በየትኛው መዝገብ ገቢ ሆኖ እንደተጻፈ ማሰብ አልተውኩም።)

ከዓመታት በኋላ ፍርድ ቤት መላኩን በሞት እንዲቀጣ ፈረደበት። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የፖለቲካ ቡድንንም ከጥፋት ይጠብቅ ስለነበር፣ የቀይ ሽብር ግድያ በአገራችን ችሎት «ዘር ማጥፋት» ተብሎ ተዳኝቷል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ፣ መስቀል አደባባይ አጠገብ፣ የሰማዕታቱ መታሰቢያ ሙዚየም ተከፈተ። እዚያ ፎቶግራፎች አሉ፤ አጽሞችም አሉ።

እኔም በአቅሜ ለዚያ ልጅ ግጥም ልጽፍለት ሞክሬ ነበር። ከራሴ አውጥቼ ስም ሰጠሁት። በማግስቱ ሳነበው አፈርኩና ቀደድኩት። የራሱ ስም ለነበረው ልጅ እኔ ስም አውጪ የሆንኩት በማን ፈቃድ ነው?

ከዚያ በኋላ በአንድ የገበያ ቀን፣ ከሰማንያ ዓመት ያለፉ አንዲት እናት በሴት ልጃቸው ተደግፈው መስኮቴ ፊት ቆሙ። የቁጠባ ሒሳብ ሊከፍቱ ነበር። ወራሽ የሚሆን ሰው ስም ስጠይቃቸው፣ ሳያመነቱ የአንድ ወንድ ስም ከነአባቱና ከነአያቱ ነገሩኝ።

«አድራሻቸው የት ነው፣ እማማ?» አልኳቸው።

ልጅቱ አቀረቀረች። እናቲቱ ግን ቀና እንዳሉ፣ «በሰባ ከቤት ወሰዱት፤ አልመጣም» አሉኝ።

ቅጹ ላይ የልጅቱን ስም መጻፍ ነበረብኝ፤ ጻፍኩ። እናቲቱም አልተቃወሙም። በአውራ ጣታቸው ፈረሙ፣ ቀለሙንም በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ሊሄዱ ሲሉ ተመልሰው፣ «ልጄ፣ እርሱንም በወረቀት ጣፍልኝ» አሉ።

በገንዘብ ማስገቢያ ወረቀት ጀርባ ሦስቱንም ስም በትልልቅ ፊደል ጻፍኩላቸው። ስሙን እዚህ አላወጣውም፤ አስፈቅጃቸው አልነበረምና። «እስቲ አንብበው» አሉኝ። ወረፋ የያዙት ሰዎች እየሰሙ አነበብኩ። «እንዲያ ነው» አሉና ወረቀቱን በሒሳብ ደብተራቸው ውስጥ አጥፈው ከተቱት።