92 ዲግሪ

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር የኬሚስትሪ አስተማሪያችን ወደ ቤተ ሙከራው ሲገቡ አንድ ዘንቢል ይዘው መጡ። ከዘንቢሉም ጨው፥ ቅቤ፥ ማር፥ አንድ ጠርሙስ ላምባና አንድ የተነፋ ፊኛ አውጥተው በጠረጴዛው ላይ ደረደሩና «ይህን ሁሉ ለዩልኝ» አሉን።

በመጀመሪያ ነገሩ የሕፃናት ጨዋታ መሰለን። ጠጣር የራሱ ቅርጽና መጠን ያለው፥ ፈሳሽ መጠኑን ጠብቆ የዕቃውን ቅርጽ የሚይዝ፥ ጋዝ ደግሞ ያገኘውን ቦታ ሁሉ የሚሞላ መሆኑን በቃላችን እናውቅ ነበርና፤ ላምባውን ከፈሳሽ፥ የፊኛውን አየር ከጋዝ መደብን። በጨው ላይ ግን ክርክር ተነሣ። አንዱ ተማሪ «ጨው በጣሳ ሲገለበጥ የጣሳውን ቅርጽ ይይዛልና ፈሳሽ ነው» ብሎ ክፍሉን አሳቀ። አስተማሪያችን አልሳቁም፤ አንዲት የጨው ቅንጣት በመዳፋቸው ላይ አኑረው «ይህችስ ቅርጿን ትለውጣለች?» ብለው ጠየቁት። ቅቤውም በዚህ መካከል በመስኮቱ ፀሐይ መላላት ጀምሮ ነበር። ንጹሕ በረዶ በ0 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ጨው 801 ዲግሪ ካልደረሰ አይቀልጥም፤ ቅቤ ግን የብዙ ዓይነት ስብ ድብልቅ ስለሆነ ቁርጥ ያለ የመቅለጫ ቍጥር የለውም። ስለ ማር የተነሣውን ክርክር ብተርከው ይህ መጽሔት አይበቃኝም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሁለት ሆነን ውኃ እንድናፈላና የሚፈላበትን ሙቀት እንድንመዘግብ ታዘዝን። ቴርሞሜትሩን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ቍጥሩ እየወጣ እየወጣ ሄዶ 92 ላይ ሲደርስ ቆመ። እሳቱን ጨመርን፤ ውኃው ይበልጥ ተንተከተከ እንጂ ቍጥሩ አልተነቃነቀም። ጓደኛዬ «92» ብሎ በደብተሩ ጻፈ። እኔ ግን «መጽሐፉ 100 ይላል፤ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል፤ አጥፋው» አልሁት። «ያየነው እኮ ይህን ነው» ብሎ ጥቂት ተከራከረኝ። ነገር ግን በክፍላችን አንደኛ የምወጣው እኔ ስለነበርሁ፥ ከዓይኑ ይልቅ እኔን አመነና በላጲስ ፍቆ 100 ጻፈ።

በሳምንቱ ደብተራችን ሲመለስ ሁለታችንም ዜሮ አግኝተን ነበር። አስተማሪያችን የጓደኛዬን ደብተር ወደ ብርሃን አቅንተው «ከዚህ ሥር 92 ይታያል፤ ያየኸውን ለምን አጠፋህ?» አሉት። እርሱ አንገቱን ደፋ እንጂ ስሜን አልጠራም። እኔም ዝም አልሁ። ያን ዝምታ ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይቀላል።

በዚያው ሰሞን በአዋሽ ሰባት የምትኖረው አክስቴ ለጥየቃ ወደ እኛ መጥታ ነበር። እናቴ ቦሎቄ ጥዳ ከሰል ደጋግማ ስትጨምር አይታ «የአዲስ አበባ እሳት ሰነፍ ነው፤ በእኛ አገር ቢሆን ይኼኔ በልተን ቡናም ጠጥተን ነበር» አለች። እናቴ ተቀየመች። እኔ ግን ደብተሬ ትዝ አለኝና መጽሐፉን ደግሜ አነበብሁ። ለካ ከ100 አጠገብ «በባሕር ጠለል» የሚል ቃል አለ! ቍጥሩን አንብቤ ቃሉን ዘልዬው ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውኃ የሚፈላው እንፋሎቱ በላዩ የተጫነውን አየር ለማሸነፍ ሲበቃ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች በላይዋ ያለው አየር ሣሣ ያለ ነው፤ ስለዚህ ውኃችን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በአክስቴ አገር ግን 97 ያህል ይደርሳል። እናቴ ከሰል ብትጨምር ውኃው ፈጥኖ ይተናል እንጂ ክዳኑ ልል በሆነ ድስት ውስጥ ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ እንፋሎቱን አምቆ የሚይዘው ድስት ቦሎቄ ቶሎ የሚያበስለውም ስለዚህ ነው። ሰነፉ እሳቱ አልነበረም። ስዊድናዊው አንደርስ ሴልሺየስ እንኳ በ1742 (በአውሮፓ አቆጣጠር) መለኪያውን ሲያወጣ የውኃ መፍያ ከአየር ግፊት ጋር እንደሚለዋወጥ ያውቅ ነበር። የሚገርመው እርሱ መጀመሪያ የመፍያውን 0፥ የመቀዝቀዣውን 100 ብሎት ነበር፤ ኋላ ነው የተገለበጠው። እኔ የማመልከው 100 እንግዲህ ይህን ያህል የጸና አልነበረም ማለት ነው።

በማግስቱ ከደወሉ በፊት አስተማሪያችን ዘንድ ሄጄ ያስጠፋሁት እኔ መሆኔን ተናገርሁ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። እርሳቸው ብዙ አልተናገሩኝም፤ ቴርሞሜትሩን ሰጥተውኝ ከጓደኛዬ ጋር እንድንደግመው አዘዙ። በመጀመሪያ በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ብንከተው 0 አሳየ፤ አልተበላሸም። ከዚያም ውኃውን አፈላን፤ እንደገና 92።

ጓደኛዬ በዚህ ጊዜ ቍጥሩን በእስክሪብቶ ጻፈውና ማርኩ ተመለሰለት። የእኔ ዜሮ ግን እዚያው ቀረ። እስከ ዓመቱ መጨረሻም ሙከራ በመጣ ቍጥር ቴርሞሜትሩን እርሱ ይይዝ ነበር፤ እኔ ክብሪት እጭራለሁ።