የመምህሩ እናት

የቪክቶሪያ መስመር ባቡር ከብሪክስተን ተነሥቶ ዎልታምስቶው ሴንትራል እስኪደርስ 16 ጣቢያዎችን ያዳርሳል፤ በመንገዱ ሁሉ ግን ሰማይ አይታይም። ባቡሩን የሚያስኬደውም የሚያቆመውም በአብዛኛው ኮምፒውተር ነው። የነጂው ሥራ በሩን መክፈትና መዝጋት፣ ተሳፋሪውን ማየት፣ እንዲነሣም ቁልፍ መጫን ነው። አንድ የጎጃም ሰው ይህን ሲሠራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። በዓመት ከ60 ሺህ ፓውንድ በላይ ያገኛል። ለንደን ካሉት አብሮ አደጎቹ መካከል «ተሳካለት» የሚባለው እሱ ነው።

ከመሰደዱ በፊት ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሒሳብ ያስተምር ነበር። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የተመረቀውም ለዚሁ ነው። ነገሩን የረሳው ይመስለው ነበር። አምና ግን አንድ ወዳጁ ቅዳሜ ቅዳሜ የሐበሻ ልጆችን እንዲያስጠና ለመነው። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት የ13 ዓመት ልጅ፣ ክፍልፋይ ለክፍልፋይ ሲካፈል ሁለተኛው ለምን እንደሚገለበጥ ጠየቀችው። እስከዚያ ድረስ «ገልብጠሽ አባዢ» ከመባል በቀር የነገራት አልነበረም። ብርቱካን ለሁለት ቆረጠና «እዚህ ግማሽ ውስጥ ስንት ሩብ አለ?» አላት። «ሁለት» ብላ ዝም አለች። ቆይታ «እንዴ!» አለች። ያን ሌሊት በዋሻው ውስጥ ሲመላለስ የልጅቷ ፊት ከዓይኑ አልጠፋ አለው።

ስሌቱ የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። እንግሊዝ የሒሳብ መምህር ያጥራታል። በ2023 መንግሥት የዘጠኝ ተጨማሪ አገሮች መምህራን በያዙት ማስረጃ የመምህርነት ፈቃድ እንዲያመለክቱ ሲፈቅድ ናይጄሪያ፣ ጋና፣ ደቡብ አፍሪካና ዚምባብዌ ነበሩበት፤ ኢትዮጵያ አልነበረችም። ስለዚህ እንደ ጀማሪ አንድ ዓመት መሠልጠን አለበት። በ2025 ለሚጀምሩ የሒሳብ ሠልጣኞች የተመደበው ድጎማ 29 ሺህ ፓውንድ ነው፤ ከዚያ ላይ ከ9 ሺህ በላይ ለትምህርት ክፍያ ይሄዳል። ጨርሶ መሀል ለንደን ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ቢቀጠር፣ በ2025 ስኬል የጀማሪ ደመወዝ 40,317 ፓውንድ ነው። ከአሁኑ ገቢው በዓመት 20 ሺህ ያህል ይቀንሳል።

ገንዘቡ የእሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ግን የቤት ዕዳ አለ፣ ዕቁብ አለ፣ ለእናቱ በየወሩ የሚልከው አለ። የእህቱን ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ በግል ትምህርት ቤት የሚያስተምረውም እሱ ነው። የለንደንን ልጆች ለማስተማር ሲባል የገዛ እህቱን ልጅ ከትምህርት ቤቱ ማስወጣት ምን የሚሉት ጽድቅ ነው?

«የቤቱን እንችለዋለን» አለችው ነርሷ ባለቤቱ። «ለእናትህ ግን አንተው ንገራቸው።»

እሑድ ደወለ። እናቱ ሳያቋርጡ ሰሙት።

«ባቡሩስ ያለ አንተ ይሄዳል?»

ሳቀ። «ይሄዳል፣ እማዬ።»

«ያኔ መምህር ሳለህ ደመወዝህ ከወር ወር አያደርስህም ነበር፤ ከእኔ ትበደር ነበር» አሉት። «ግን ገበያ ስወጣ የመምህሩ እናት እያሉ ያሳልፉኝ ነበር።» ትንሽ ቆዩና «የልጁ ትምህርትስ?» አሉ።

«እሱ አይነካም። ከሌላው ነው የምቀንሰው።»

«ከየትኛው ሌላ?»

መልስ አልነበረውም። «ከእኔ ቀንስ» አሉት።

ከእሳቸው ላለመቀነስ ሌሊቱን ሲደምር ሲቀንስ አደረ። መኪናውን ሊሸጥ፣ ዕቁቡንም ሊተው ወሰነ። አሁንም አልሞላም። በመጨረሻ ከእናቱም ቀነሰ። ያንን መስመር ሲጽፍ እጁ ከበደው።

ሲነጋ የማመልከቻውን ቅጽ ከፈተ። ከዚህ በፊት አስተምሮ እንደሆነ የሚጠይቅ ቦታ አለ። እዚህ አገር እንደማይቆጠርለት ያውቃል። ቢሆንም «6 ዓመት፣ ደብረ ማርቆስ» ብሎ ሞላና ወደ ፈረቃው ሄደ።